ሶሻሌን ለማን ልስጥ?

አሜሪካ የገባ አበሻ መጀመሪያ በቃሉ የሚይዘው የስልኩን ቁጥር አይደለም፤ የሶሻሉን፣ ማለትም መንግሥት የሚሰጠውን ባለ ዘጠኝ አሃዝ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥሩን ነው። በዲቪ የመጣ ከሆነ ገና አገር ቤት ሳለ በሞላው ቅጽ ላይ «ካርዱ ይውጣልኝ» ብሎ ምልክት አድርጎበታል፤ ገብቶ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ በፖስታ ይመጣለታል። ጥገኝነት ጠይቆ የሥራ ፈቃድ የሚጠብቀው ደግሞ ብዙ ወር ይቆጥራል። ካርዱ የደረሰ ቀን «ሶሻሌ መጣ!» ተብሎ ለዘመድ ይደወላል። ያቺ ስስ ወረቀት ፎቶ የላትም፣ አሻራ የላትም፣ የትውልድ ቀን እንኳ የላትም። ስም አለ፣ ዘጠኝ አሃዝ አለ፣ በቃ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የማይጠይቃት የለም። አሠሪው፣ ባንኩ፣ አከራዩ፣ የስልክ ኩባንያው፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የልጁ ትምህርት ቤት፣ ጂሙ ሳይቀር ፎርሙ ላይ ዘጠኝ ትንንሽ ሳጥን ደርድሮ ይጠብቃል። እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ሰዎች ፎርም መሙላት ልማዴ ሆኗል። እዚያ ተቀምጬ ከማየው ሁሉ የሚገርመኝ፣ ደመወዙን ለገዛ ወንድሙ የማይናገር ሰው ሶሻሉን ሰው በሞላበት አዳራሽ ጮክ ብሎ አሃዝ በአሃዝ ሲያነብልኝ ነው። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ የግድ አትሞላም» እላለሁ። «እንዴት አትሞላም? ቦታ አላት እኮ!»

አልፈርድባቸውም። በቀበሌ ፎርም ያደገ ሰው ባዶ ቦታ መተው ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ስም ከነአያት፣ የቤት ቁጥር፣ የትዳር ሁኔታ፣ በኋላም ብሔር፤ አንዷ ከጎደለች «ሂድና አሟልተህ ና» ነው። አሟልተህ ስትመለስ ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ገብቷል። እዚያ መስኮት ላይ «ይሄን የምትጠይቀኝ በየትኛው ሕግ ነው?» ያለ ሰው የራሱን ጉዳይ ከማስተኛት ውጪ ምንም አላተረፈም። ያንን ይዘን መጥተን ነው እዚህ ፎርም የምንሞላው። እዚህ ግን ፎርሙን ያወጣው ብዙ ጊዜ መንግሥት አይደለም። አንድ ክሊኒክ ከዓመታት በፊት ያሠራውን ወረቀት ዛሬም ፎቶ ኮፒ እያደረገ ይሆናል፤ ሳጥኖቹ ለምን እንደተደረደሩ እንግዳ ተቀባይዋም አታውቅም።

ሕጉ ምን እንደሚል ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ከዋተርጌት ቅሌት ማግስት፣ በ1974 ማብቂያ ላይ፣ አሜሪካ የግላዊነት ሕግ አወጣች። ሰባተኛው ክፍል አጭር ነው። የፌዴራል፣ የስቴት ወይም የከተማ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው የሶሻል ቁጥሬን አልሰጥም በማለቱ ብቻ መብቱን ወይም ሊያገኝ የሚገባውን ጥቅም ሊነፍገው አይችልም ይላል፤ የፌዴራል ሕግ ካዘዘ ወይም አሠራሩ ከ1975 በፊት በሕግ ወይም በደንብ የቆመ ከሆነ በስተቀር። ቀጥሎም ጠያቂውን መሥሪያ ቤት ሦስት ነገር እንዲናገር ያስገድደዋል፤ ቁጥሩን መስጠት ግዴታ ነው ወይስ በፈቃድ፣ እንዲጠይቅ ሥልጣን የሰጠው የትኛው ሕግ ነው፣ ቁጥሩንስ ምን ያደርግበታል። በመንግሥት ፎርም ላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው፣ ማንም የማያነበው አንቀጽ የመጣው ከዚህ ነው። እኔ አሁን አሁን ፎርም ሲሰጠኝ ከላይ ሳይሆን ከግርጌ ነው ማንበብ የምጀምረው።

ሕግ የቆመባቸው ቦታዎች አሉ፤ እነሱ ጋ መከራከር ትርፍ የለውም። አሠሪ ደመወዝህን ለታክስ መሥሪያ ቤት ስለሚያሳውቅ ቁጥሩን ይፈልጋል። (ለሥራ ብቁ መሆንህን የሚያጣራው አይ-ናይን የሚባለው ፎርም ላይ ያለው ሳጥን ግን አሠሪው ኢ-ቬሪፋይ የሚባለውን የመንግሥት ማጣሪያ የማይጠቀም ከሆነ በፈቃድ ነው። ይሄን የሚያውቅ አሠሪ እስካሁን አላጋጠመኝም።) ባንክም ይጠይቃል፤ የሚከፍለው ወለድ ለታክስ ስለሚመዘገብ፣ የደንበኛውንም ማንነት እንዲያጣራ ስለሚታዘዝ። ሶሻል የሌለው ግን በዘጠኝ በሚጀምረው የታክስ መለያ ቁጥር፣ ዜግነትና ግሪን ካርድ የሌለው ደግሞ በፓስፖርት ሒሳብ የሚከፍትበት መንገድ ሕጉ ውስጥ አለ። ባንኩ ይፈቅዳል ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ታክስ ላይ ደግሞ የልጆቹም ቁጥር ይገባል። ይሄ ራሱ ታሪክ አለው። በፊት ወላጅ የልጆቹን ስም ብቻ ጽፎ ቅናሽ ያገኝ ነበር። በ1986 የወጣው የታክስ ማሻሻያ አምስት ዓመት ከሞላው ጀምሮ የእያንዳንዱ ልጅ ቁጥር እንዲጻፍ አዘዘ። በተከታዩ የታክስ ዓመት ከአገሩ የታክስ ወረቀት ላይ ሰባት ሚሊዮን ገደማ በወላጅ ሥር የሚቆጠሩ ጥገኞች ጠፉ። አንዳንዶቹ ተፋተው ሁለቱም ወላጆች ይቆጥሯቸው የነበሩ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከናካቴው ያልተወለዱ። ቁጥር መጠየቅ ሁልጊዜ ክፋት ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይሄን አነሳለታለሁ።

መንጃ ፈቃድም፣ የጋብቻ ፈቃድም ይጠይቃል። የጋብቻው ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ «ለማግባት ሶሻል ምን ያደርጋል?» ይላሉ። በ1996 የወጣው የድጎማ ማሻሻያ ሕግ ነው ያመጣው፤ የልጅ ማሳደጊያ ሳይከፍል ከስቴት ስቴት የሚሸሽ ወላጅ የትም ቢሄድ እንዲገኝ ታስቦ። በዚሁ ምክንያት የሙያ ፈቃድ፣ የአደንና የዓሣ ማጥመድ ፈቃድ ሳይቀር ቁጥሩን ይመዘግባል። ፖቶማክ ዳር መንጠቆ ይዞ የሚቀመጥ ሰው በአባትነቱ የሚፈለግበት አገር ነው።

በጣም የምቆጨው ግን አለቦታው በሚፈራው ፍርሃት ነው። አንዲት እናት አሉ እንበል፤ ጥገኝነት ጠይቀው ሶሻል ገና አልወጣላቸውም፤ ልጃቸው ግን እዚህ ተወልዶ ሶሻል አለው። ለልጁ የምግብ እርዳታ ወይም ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላለው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ለማመልከት ፎርሙን ሲገልጡ የቤተሰቡን ሁሉ ስምና ቁጥር የሚጠይቅ ሠንጠረዥ ያያሉ። አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱታል። ልጁ ሳያገኝ ይቀራል። ሕጉ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ቁጥር የሚጠየቀው እርዳታው ለሚጠየቅለት ሰው ብቻ ነው። እናትየው ለልጃቸው ካመለከቱ የልጁን ቁጥር ይሰጣሉ፣ የገቢያቸውን ማስረጃ ያቀርባሉ፣ የራሳቸውን ሳጥን ባዶ ይተዋሉ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ይህንኑ ለስቴቶች በመመሪያ ካሳወቁ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። እኔ እዚህ መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ሁለት ጊዜ እናገራለሁ፤ አንዴ የሚሰማኝ የለምና።

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። የሕዝብ ትምህርት ቤት ቁጥር የለውም ብሎ ልጅ አይመልስም። ልጁ ራሱ ምንም ዓይነት የመኖሪያ ወረቀት ባይኖረውም መማር እንዳለበት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ወስኗል። የምትኖርበትን አካባቢ ማስረጃ ይጠይቁሃል፣ የክትባት ወረቀት ይጠይቁሃል፤ ሶሻሉን ከጠየቁ በፈቃድ መሆኑን መናገር አለባቸው።

ቁጥሩ ሲፈጠር እንዲህ አልነበረም። በ1935 ሩዝቬልት የጡረታውን ሕግ ፈረሙ፤ በ1936 መጨረሻ ቁጥሩ በፖስታ ቤቶች በኩል መታደል ጀመረ። ሥራው አንድ ብቻ ነበር፤ ሠራተኛው በሕይወቱ ያገኘውን ገቢ መዝግቦ ጡረታውን ማስላት። ከ1946 ጀምሮ የወጡት ካርዶች ላይ ለመታወቂያነት እንደማያገለግሉ በግልጽ ታትሞ ነበር። በ1972 ጽሑፉ ቀረ፤ ለማንም የማይጠቅም ማስጠንቀቂያ ሆኖ ነበርና። እስከዚያ ድረስ የታክስ መሥሪያ ቤቱም ጦሩም ባንኩም ቁጥሩን የራሳቸው አድርገውታል።

ከዚያ ዘመን የምወደው ታሪክ የኪስ ቦርሳው ነው። በ1938 ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ ሎክፖርት በምትባል ከተማ ያለ የቦርሳ ፋብሪካ፣ ካርዱ ቦርሳው ውስጥ በልክ እንደሚገባ ለማሳየት የናሙና ካርድ እያስገባ መሸጥ ጀመረ። ከኃላፊዎቹ አንዱ ለናሙናው የራሱን ጸሐፊ እውነተኛ ቁጥር አሳተመ። ካርዱ ከእውነተኛው ያነሰ ነው፣ «ናሙና» የሚልም ታትሞበታል። ሰው ግን ቦርሳውን ገዛ፣ ካርዱን አየ፣ የኔ ነው አለ። በ1943 ከ5,700 በላይ ሰዎች በዚያች ሴት ቁጥር ይሠሩ ነበር፤ ባለፉት ዓመታት በድምሩ ከ40,000 በላይ ሰዎች የራሴ ብለው አቅርበውታል፤ በ1977 እንኳ አሥራ ሁለት ቀርተው ነበር። ሌቦች አልነበሩም። መንግሥት ቁጥር ይሰጣል ሲባል ሰምተዋል፣ ቁጥር አገኙ። እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው ለወረቀት እንግዳ የሆንነው።

ወደ ግል ድርጅቶቹ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው። የ1974ቱ ሕግ የሚያዘው መንግሥትን ብቻ ነው። አከራዩ፣ የስልክ ኩባንያው፣ ክሊኒኩ ቁጥርህን ሊጠይቅ ይችላል። አንተም እምቢ ልትል ትችላለህ። እሱም «እንግዲያው አላስተናግድህም» ሊል ይችላል። ሦስቱም ሕጋዊ ናቸው፤ የሶሻል ሴኪዩሪቲ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሲጠየቅ የሚመልሰው ይህንኑ ነው።

እኔ ግን ይሄን ምርጫ ነው ለማለት ይተናነቀኛል። ቤት ያለው፣ ክሬዲቱ (የብድር ታሪኩ) ያማረ ሰው የጥርስ ሐኪሙ ፎርም ላይ ሳጥኑን ባዶ ትቶ ቢያልፍ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ከአራት ሰው ጋር ቤዝመንት ተጋርቶ የሚኖር፣ በወሩ መጨረሻ መውጣት ያለበት ልጅ ግን አከራይ ፊት ቆሞ «ለምን ፈለጉት?» ሊል አይችልም። ሕጉ ለሁለቱም የሰጠው መብት አንድ ነው፤ ከዚያ መብት የሚደርሳቸው ግን አንድ አይደለም። አስቂኙ ደግሞ አከራዩ ቁጥሩን የሚፈልገው ክሬዲት ለማየት መሆኑ ነው። ገና የመጣ ሰው ክሬዲት የለውም። ቁጥሩ ተሰጥቶ፣ የማመልከቻ ክፍያው ተከፍሎ፣ ተፈልጎ የሚገኘው ባዶ ገጽ ነው።

አንዲት እህት ይሄንኑ በእርጋታ ስትናገር አብሬያት ነበርኩ። «ቁጥሩን የምትፈልጉት ለክሬዲት ከሆነ ምንም አታገኙበትም፤ ከመጣሁ ገና ነው። የደመወዝ ወረቀቴንና የአሠሪዬን ደብዳቤ ላምጣላችሁ?» አለች። የቢሮው ሰው ትንሽ አሰበና አለቃውን ጠየቀ፤ ተቀበሏት። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። ግን «አልሰጥም» ከማለት «በምትኩ ምን ላምጣ?» ማለት ስንት በር እንደሚከፍት ደጋግሜ አይቻለሁ። ስልክ ከሆነ ቅድመ ክፍያ ያለው መስመር አለ። መብራት ከሆነ ብዙ ጊዜ መያዣ ገንዘብ ይቀበላሉ። ክሊኒኩ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ሳትከፍል ብትጠፋ ዕዳ ሰብሳቢ እንዲያገኝህ ነው፤ መታወቂያና የኢንሹራንስ ካርድ ከሰጠህ ሳጥኑን ባዶ ተወው፣ ከተጠራህ ያኔ ተነጋገር። እስካሁን ባዶ ስለተወ ሳይታከም የተመለሰ ሰው አላጀብኩም።

«የመጨረሻዎቹን አራት ብቻ» የምትለው ነገርም አለች። ትንሽ ስለምትመስል ማንም አይነፍጋትም። ግን እስከ ሰኔ 2011 ድረስ የወጡ ቁጥሮች የመጀመሪያ ሦስት አሃዞች የስቴት መለያ ነበሩ። ዲሲ ተቀምጦ ያመለከተ የ577፣ የ578 ወይም የ579 ሰው ነው፤ የድሮ ዲሲ ነዋሪ አበሻን ሶሻል ያየ ሰው መጀመሪያ የት እንዳረፈ ያውቅ ነበር። መካከለኛዎቹ ሁለት አሃዞችም በቅደም ተከተል ነበር የሚታደሉት። በ2009 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እዚህ አገር የተወለደን ሰው የልደት ቀንና ቦታ ብቻ ይዘው ቁጥሩን መገመት እንደሚቻል አሳይተዋል። ስለዚህ በአሮጌ ቁጥር ላይ በእውነት የተደበቁት እነዚያው አራቱ ናቸው፤ አውቶቡስ ውስጥ ሆነን በስልክ የምናነባቸው። የሜዲኬር፣ ማለትም የአረጋውያን የጤና መድን ካርድ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነበር። እስከ 2018 ድረስ ሙሉው ሶሻል አንድ ፊደል ተጨምሮበት ካርዱ ፊት ላይ ታትሞ እማማና አባባ በቦርሳቸው ይዘውት ይዞሩ ነበር። አዲሱ ካርድ ሌላ ቁጥር አለው፤ አሮጌውን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ ቀዳችሁ ጣሉት።

አገር ቤት አሁን ፋይዳ መጥቷል። እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ባንኩ ፋይዳ ካላመጣሽ አለኝ፤ ቁጥሩን ለሁሉም መስጠት ይቻላል?» ብላ ጠይቃኛለች። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ያቆመው ይህ ሥርዓት ከሶሻል በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል። አሥር ጣት፣ የዓይን ብሌንና ፊት ተነሥቶ የሚሰጥ ነው፤ ቁጥሩን ማወቅና ባለቤቱ መሆን ሁለት ነገር ሆነው እንዲቆዩ የሚያስችል መሠረት አለው። አሜሪካ የሳተችው እዚህ ላይ ነው። ሶሻልን እንደ ስምም እንደ ቁልፍም ተጠቀመችበት፤ ስምህን የጠራ ሁሉ ቤትህን ይከፍታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። እንግዲህ የባንኩ፣ የቴሌውና የየክፍለ ከተማው መስኮት ላይ «ቁጥሩን ለምን ፈለጋችሁት?» ያለ ሰው እንዴት እንደሚስተናገድ ነው የሚታየው። ለእህቴ ያልኳት፣ ባንኩ ታዞ ነው፤ ስጪ። የመንደሩ ፎቶ ቤት ኮፒውን ላስቀምጠው ካለሽ ግን ኮፒሽን ይዘሽ ውጪ።

ስለ ሌቦቹም አንድ ቃል። «ቁጥርህ ታግዷል፣ ፖሊስ እየመጣ ነው» ብሎ የሚደውል ሰው ውሸታም ነው። የሶሻል ቁጥር የሚባል ነገር አይታገድም፤ መሥሪያ ቤቱ ደውሎም በስጦታ ካርድ ክፈል አይልም። ዝጉት።

ብዙ ሰው «እስከ ዛሬ ለስንቱ ሰጥቻለሁ፤ አሁን ብጠነቀቅ ምን ዋጋ አለው?» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር እናንተ ባትሰጡም ወጥቶ ሊሆን ይችላል። በፈረንጆቹ 2017 ኢኩዊፋክስ የተባለው የክሬዲት ድርጅት ተሰብሮ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተወስዷል። ቁጥሩን መቀየር ደግሞ ለጥቂት ከባድ ጉዳዮች ካልሆነ አይፈቀድም። የቀረው መፍትሔ የክሬዲት ፋይልን ማስዘጋት ነው፤ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ዘንድ ፋይላችሁን ስታስዘጉ በስማችሁ ብድር ወይም ክሬዲት ካርድ ልክፈት የሚል ሰው ክሬዲታችሁን ሊያሳይ ስለማይችል ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በሕግ ነፃ ነው። ራሳችሁ ቤት ልትከራዩ ስትሉ ታስከፍቱታላችሁ፣ ሲያልቅ ትዘጉታላችሁ። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅም ወላጅ ማዘጋት ይችላል፤ የልጅ ቁጥር ሲሰረቅ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ብድር እስኪጠይቅ ድረስ የሚያውቅ የለምና እኔ ከልጆቹ እንድትጀምሩ እመክራለሁ። ሦስቱም ድርጅቶች ለማዘጋት መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ሶሻላችሁን ነው፤ ያ ተሰብሮ የነበረው ጭምር። እዚያ ላይ ሙሉት።